የአባቴ ዓይንና የእኔ ማመልከቻ

«እንዲህ ብለህ ከጻፍህ በኋላ እኔ አባትህን ደሃ ናቸው ልል አልችልም» አለኝ የቀበሌው ጸሐፊ፣ ማመልከቻየን በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ።

«የትኛው ነው ያስቸገረህ?»

«የትኛውን ልተውልህ? ይኸውና፤ ‹ቤታቸው ለእንግዳ ተዘግቶ የማያውቅ፣ እጃቸው ለልመና ተዘርግቶ የማያውቅ›። እጃቸው ለልመና የማይዘረጋ ከሆነ አሁን ምን እየጠየቅኸኝ ነው?»

«እሱ አገላለጽ ነው።»

«ቅጹ ለአገላለጽ ቦታ የለውም። እየው። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ገቢ፣ የችግሩ ሁኔታ። አንተ በችግሩ ሁኔታ ላይ ‹ዓይናቸው እንደ ንስር የጠራ› ብለህ ጽፈሃል። የጠራ ከሆነ ለምን ይታከማል?»

«‹ነበር› ብያለሁ። ‹ነበር› የምትለዋ ከታች፣ ሦስተኛው መሥመር ላይ ናት። ቤት እንዲመታ ብየ ነው ያወረድኋት።»

«ማመልከቻ ለምን ቤት ይመታል?»

ከበሩ ውጭ ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ሳቀ። የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት በር አይዘጋም ነበር። ከማጠፊያው ወርዶ የታችኛው ጥጉ ሲሚንቶውን ይፍቃል፤ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ይቆማል። የስኳር ኩፖን ሊወስድ የመጣው፣ የቤት ኪራይ ሊከፍል የመጣው፣ ከጎረቤቱ ተጣልቶ ሊከስ የመጣው ሁሉ በዚያች ክፍተት በኩል የሌላውን ጉዳይ እየሰማ ይጠብቃል። በሰፈራችን በሹም አቦ ምሥጢር የሚባል ነገር ያልነበረው ሰዉ ወሬኛ ሆኖ አይመስለኝም። በሩ ነው።

«ጓድ፣ እኔ ሰውየውን አከበርሁ እንጂ አልዋሸሁም» አልሁ፣ ሰልፈኛው እንዲሰማልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«አክብረሃቸዋል። አክብረህ አክብረህ ከነጻ ሕክምና አስወጣሃቸው። ደግሞ መጨረሻው ላይ ‹በብዕሩ የታፈረ ልጅ ያፈሩ› ይላል። እሱ አንተ ነህ?»

ራሴን በኩራት ነቀነቅሁ።

«ሥራ ይዘሃል ማለት ነዋ። የሚጦር ልጅ ያለው ሰው በነጻ አይታከምም። ይኸ መመሪያ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። ለማንኛውም አባትህ ጡረተኛ ስለሆኑ ማመልከቻ ብቻውን አይበቃም። የሚያውቋቸው ሦስት ምስክሮች እዚህ መጥተው ‹ያላቸው አይበቃቸውም፣ ደሃ ናቸው› ብለው መፈረም አለባቸው። እስከዚያ፣ ገጣሚው፣ ይኸን ውሰድና በዓል ሲሆን አንብበው።»

ጸሐፊው በትምህርት ቤት ከእኔ አንድ ክፍል ይቀድም የነበረ ልጅ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ በእሱ ወንበር ብቀመጥ እንዲያውም እብስ ነበር። ያን ዕለት ግን ወረቀቴን አጣጥፌ ስወጣ ይቅር እንደማልለው ወስኜ ነበር፤ አደባባዩ እስክደርስ ስለ ማኅተምና ስለ ጨቋኝ ጸሐፊዎች ስድስት ስንኝ ጨርሻለሁ። የአባቴ ጉዳይ ትዝ ያለኝ ሰባተኛው ስንኝ እምቢ ሲለኝ ነው።

አባቴ አናጢ ነበር። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሐይቁን ጀልባዎች ሲጠግን ኖሮ ዕድሜው ሲደርስ ጡረታ ወጣ። ሠራተኛ ሳለ ሰማያዊ የሕክምና ካርድ ነበረው። ያን ካርድ ያሳየ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ክሊኒክ ይታያል፤ ወደ ሆስፒታል ቢላክም የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው። አባቴ በዚያ ካርድ የታከመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ መጋዝ ጣቱን የበላው ጊዜ። የቀረውን ሕመም ሁሉ በፌጦና በነጭ ሽንኩርት አሳለፈው። ጡረታ ሲወጣ ካርዱን መለሰ። ተቀባዩ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ «እንደ አዲስ ነው የያዙት» ብሎ አመሰገነው። አባቴም በዚህ ምስጋና ብዙ ጊዜ ይኮራ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዓይኑ ደከመ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። እናቴ ካረፈች በኋላ በቤቱ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፈተናውን ወድቄ፣ ራሴን ገጣሚ ብየ ሾሜ ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን ጠዋት በሐይቁ ዳር ስንሄድ አባቴ ቆም አለና «ጣና ዘንድሮ ከጉሙ አልወጣም» አለኝ። ሰማዩ እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ከወዲያ ማዶ ያሉት ደሴቶች ዛፋቸው ይቆጠራል። እኔ ምን አደረግሁ? ቤት ገብቼ «ከጉሙ ያልወጣ ሐይቅ» የሚል ግጥም ጻፍሁ። ጉሙ የዘመኑ ጭንቀት ነው፤ ሐይቁ ሕዝቡ ነው፤ ሽማግሌው ታሪክ ነው። ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ሁለቱ እጄን ጨበጡኝ። ሽማግሌው ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ፣ አባቴ በራችን ላይ ታስራ ለነበረች የጎረቤት ላም «እንደምን አደርሽ፣ እትየ» ሲላት ነው።

ሆስፒታል ወሰድሁት። ግራ ዓይኑን ያየችው ነርስ ራሷን ነቀነቀች፤ እሱ ሌላ በሽታ አለበት፣ አይመለስም። ቀኙ ግን ሞራ ነው፤ ይገፈፋል። የዓይን ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥቶ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከሄደ በኋላ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ቶሎ በሉ አለችን። ወጪውን ስጠይቃት በጣቶቿ ቆጠረችልኝ። ለካርዱ ይከፈላል። ለቀዶ ጥገናው ይከፈላል። ለአልጋው ይከፈላል። የነጻ ሕክምና ወረቀት ያመጣ ሰው እነዚህን ሦስቱን አይከፍልም። የዓይን ጠብታውና መነጽሩ ግን ከውጭ ይገዛሉ፤ ለእነሱ ነጻ የሚባል ነገር የለም።

ይኸን ሰምቼ ተመልሼ የተረዳሁትን ለአባቴ አስረዳሁት። እንዲህ ነው፦ ጤነኛ ሳለህ የሚያክምህ ነበረህ፤ አሁን ስለታመምህ የለህም። የጡረታ ገንዘብህ ለመኖር ያንሳል፤ ደሃ ለመባል ደግሞ ይበዛል። የነጻው ወረቀት አብዛኛውን ይሸፍናል፤ የማይሸፍነውን የሚሸፍን ሌላ ነገር መፈለግ አለብን።

«ይኸን ሁሉ ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩህ?» አለኝ።

«ራሴ ነኝ የተማርሁት።»

«ይታያል» አለኝ። በማያይ ዓይኑ ወደ እኔ አቅጣጫ ፈገግ ብሎ።

ማመልከቻውን የጻፍሁት ያን ዕለት ማታ ነው። በሐቅ ልናገር፤ «ደሃ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝሁት። በእኛ አገር ሰው ስለ አባቱ እንዲህ ብሎ አይጽፍም። አባት ይወደሳል። ደግሞም ጸሐፊው ብዕሬን እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ነበር። በመጨረሻ የወጣው ጽሑፍ አባቴን ለሹመት የሚያበቃ እንጂ ለሆስፒታል የሚያበቃ አልነበረም።

ጸሐፊው ከመለሰኝ በኋላ በነበረው እሑድ የሰፈራችን እድር ስብሰባ ነበረው። እኔ ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ ላወርድ አሰብሁ። አንደኛ፣ ሦስቱን ምስክሮች ከዚያ እወስዳለሁ። ሁለተኛ፣ ነጻው ወረቀት የማይሸፍነውን እድሩ እንዲሸፍን አደርጋለሁ። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ወንበርና ድስት ያመጣል፤ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። ታዲያ ለሞተ የሚከፍል ማኅበር ትንሽ ጨምሮ ለታመመ ቢከፍል ምን አለበት? ይኸ ሐሳብ ከእኔ በፊት ለማንም የመጣ አልመሰለኝም።

አባላቱ በእድሩ ግቢ ከዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። የሰፈር እድር ነውና ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ዳኛው ዓይነ ስለታም፣ አነጋገራቸው የረጋ መሪጌታ ናቸው። አባቴ ከፊት ወንበር ላይ ምርኩዙን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ተቀምጧል። እኔ ተነሥቼ በየወሩ ከሚዋጣው ላይ ትንሽ ጨምረን «የሕመም መዋጮ» እንጀምር አልሁ። ጡረተኛውንም አሰብሁ፤ ባልቴቷንም አሰብሁ። ንግግሬን በስንኝ ባልጨርሰው ኖሮ ጥሩ ነበር።

«ለሞተ ድንኳን ከተከላችሁ፣
ለታመመ ሰው ምነው አጣችሁ?»

 ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታችን «ድንኳኑንማ ለታመመውም እንተክልለት ነበር፤ የሞተ መስሎት እንዳይደነግጥ ብለን ነው እንጂ» አለች። ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባቴም ጭምር።

ሳቁ ሲበርድ መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሐሳብህ ደግ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ሰው ሲሞት መሞቱን እንዴት እናውቃለን?»

«እናየዋለን።»

«እናየዋለን። ሬሳ አይዋሽም። ሕመም ግን ማን ያየዋል?»

«እኔ ለምሳሌ» አለ ጀልባ ሠሪው፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ አብረው እንጨት ሲጠርቡ ያደጉ ሙስሊም ጎረቤታችን፤ «መዋጮው ከተጀመረ ወገቤን በየሳምንቱ ሐሙስ ያመኛል።»

«ለምን ሐሙስ?» አሉ መሪጌታ።

«ዓርብ አርፋለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ነው።»

«ምጥስ ሕመም ነው?» አለች ጠላ ሻጯ። «እሱ ከተቆጠረ ለእኔ የስድስት ልጅ ውዝፍ አለኝ፣ ይከፈለኝ።»

እንዲህ እያሉ መዋጮየን አፈራረሱት። ነገሩን ልቆጣበት ብሞክርም አልቻልሁም፤ እያንዳንዱ ቀልድ ውስጥ እኔ ያላሰብሁት ጥያቄ ነበረበት። ወጣቱ ለሽማግሌው እስከ መቼ ይከፍላል? ጤነኛው ሳይታመም ቢሞት ያዋጣው ለማን ይሆናል? ታመምሁ ያለውን አልታመምህም ብሎ የሚፈርድበት ጎረቤት በማግሥቱ እንዴት ሰላም ይለዋል? ዓመታት ካለፉ በኋላ በሌላ ከተማ፣ ስለ ጤና መድን በተጠራ ስብሰባ ላይ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይኸንኑ ጥያቄ ሲጽፉ አይቼ፣ የሐሙሷን ወገብ አስታውሼ ብቻየን ሳቅሁ።

ያን ጊዜ አባቴ ምርኩዙን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረገ።

«እንግዲያው ለጠብታው ስል ልሙትላችሁ?»

በዚህም ሳቁ፤ ግን ሳቁ አልቆየም። መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የሕመም መዋጮ ይቅር። ዳኝነቱ አይቻለንም» አሉ። «ለምስክርነቱ ግን እኔ እሄዳለሁ።» ጀልባ ሠሪው «እኔም» አለ። ጠላ ሻጯ «የሴት ምስክር ይቀበሉ እንደሆነ እኔም አለሁ» አለች። ሦስት ሞላ። በዚያ ሙቀት ተገፍቼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «ጠብታውንና መነጽሩን እኔ እሸፍናለሁ» አልሁ። ከጨዋነታቸው የተነሣ ማንም አልሳቀም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እጁን ትከሻየ ላይ አድርጎ ነበር። «ያ ያልተቀበሉህ ማመልከቻ ምን ይል ነበር?» አለኝ። በቃሌ ይዠው ነበርና አልሁለት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ንስሩንም ሳልተው። 

«ያምራል» አለኝ። «ለቀብሬ አስቀምጠው።»

በማግሥቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ከሚጽፉት ሽማግሎች አጠገብ አንዲት ሣጥን አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ከዚያ በፊት እነዚያን ሰዎች የብዕር ነጋዴዎች እያልሁ እንቃቸው ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛየ ከሰባታሚት የመጣ ገበሬ ነው፤ ጎረቤቱ ድንበሩን ገፍቶበታል። የጻፍሁትን አነበብሁለት። አዳምጦ ሲጨርስ «የኔ ጌታ፣ በሬው የት አለ?» አለኝ። ምን በሬ አልሁት። «ቅድም የነገርሁህ፤ ድንበሬን ያረሰበት በሬ። ስለ ሰማይና ስለ ምድር ነግረሃቸዋል፤ በሬውን ዘልለኸዋል።» እንደገና ጻፍሁ። በዚያ ሳምንት በሬ፣ አጥር፣ ቀለብ፣ የጠፋ ደረሰኝ የሚሉትን ቃላት በሕይወቴ ሙሉ ከጻፍሁት በላይ ጻፍሁ። የጠብታው ገንዘብ ሞላ። መነጽሩ ገና ነበር።

ሐኪሙ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ ቀበሌ ሄድን። እኔ፣ አባቴና ሦስቱ ምስክሮች። ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። መሪጌታ ጥምጥማቸው ነጭ ነው፤ ጀልባ ሠሪው ለዒድ የሚያደርጋትን ኮፍያ አድርጓል፤ ጠላ ሻጯ አዲስ ነጠላ አጣፍታለች። ለድህነት ሊመሰክሩ የሚሄዱ ሳይሆን ሽምግልና የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። አባቴ ከበሩ ሲደርስ ቆመና ማጠፊያውን ዳሰሰ።

«ይኸን በር ማን ነው የሰቀለው?»

«አባየ፣ ግባ፣ ተራችን ነው።»

«ከላይ ያለው ምስማር አጥሯል። ቀና አድርገው ካልሳቡት አይገጥምም» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለበሩ። ገብቶ ተቀመጠ። ሰልፉ ከኋላችን ከክፍተቱ ተጠጋ።

ጸሐፊው አዲስ ቅጽ አወጣ። በመጀመሪያ መሪጌታን ጠየቃቸው። «አባ፣ እኒህን ሰው ያውቋቸዋል? ያላቸው ይበቃቸዋል ወይስ አይበቃቸውም?»

መሪጌታ አባቴን አዩት። አባቴ አንገቱን ቀና አድርጎ ተቀምጧል። «አውቀዋለሁ እንጂ» አሉ። «የቤተ ክርስቲያናችንን በር የሠራው እሱ ነው። የእጅ ዋጋውን ውሰድ ብንለው ‹ለአምላክ ቤት ዋጋ አልቀበልም› ብሎ መለሰልን። እንጨቱንም ከራሱ ነው ያመጣው።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «እንጨቱንም ከራሳቸው።»

«ከራሱ። ደግ ሰው ነው።»

ጀልባ ሠሪው ቀጠለ። በእሱ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ቀልደኛ ነው፣ ይሉኝታ አያጠቃውም ብየ። እሱም አባቴን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ከዚህ ሰው ቤት ገብቼ ሳልበላ የወጣሁበት ቀን የለም። እኔ የነሱን ሥጋ ስለማልበላ ባለቤቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለእኔ ለብቻ ድስት አስቀምጣልኝ ነበር። እሷ ካረፈችም በኋላ ድስቷ አለች። ማንም አይነካትም።»

«ለእንግዳ የተለየ ድስት አላቸው» አለ ጸሐፊው ቀስ ብሎ። እየጻፈ አልነበረም። ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ ዓይኑ ‹ማመልከቻህ በሰው አፍ መጣ እኮ› ይል ነበር።

ጠላ ሻጯ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች። የመጣችበት ጉዳይ እንዳልጠፋት ከፊቷ ይታያል፤ ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋች። ልክ እኔ በማመልከቻው ላይ እንዳደረግሁት። በመጨረሻ «ደሃስ እኔ ነኝ» አለች። «ባለፈው ክረምት ጣራየ ሲያፈስ ወጥተው የከደኑልኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ዓይናቸው። አንድ ሳንቲም አልተቀበሉኝም።»

«እርስዎ ለራስዎ ያመልክቱ፣ እሰጥዎታለሁ» አላት ጸሐፊው። «እኒህን ሰው ግን ሦስት ሰው መጥቶ ሀብታም አደረጋቸው። ምን ላድርግ? ሐኪሙ ሊሄድ እንደሆነ አውቃለሁ። እናንተ አንድ ቃል አልሰጣችሁኝም።»

ሦስቱም መሬት መሬት አዩ። ሊዋሹ አልመጡም፤ የሚያውቁትን እውነት ሊናገሩ ነው የመጡት። ሰውየው ፊታቸው ተቀምጦ ግን ያ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።  እኔ አባቴን በስንኝ ገደልሁት ብየ ስጸጸት ከርሜ ነበር። ለካስ እነሱም ያለ ስንኝ የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። ያን ጊዜ ይኸ ትንሽ አጽናናኝ፤ በአባቴ ዓይን ላይ የተገኘች መጽናናት።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ» አለው ጸሐፊውን፣ «አትፍረድባቸው። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚሁ ነበር የምል። ወረቀቱን ለዚህ ልጅ ስጠው።»

ጸሐፊው ቅጹን ለእኔ ሰጠኝ።

«እኔ የምለውን ጻፍ» አለኝ አባቴ። «ከራስህ አትጨምር።»

«እሽ።»

«የጡረታ ገንዘቤ ከምግቤ አያልፍም በል።»

ጻፍሁ።

«አንድ ዓይኔ ጠፍቷል፤ አንዱ ሊጠፋ ነው። የምታከምበት የለኝም።»

ጻፍሁ።

«ደሃ ነኝ።»

ብዕሩ እጄ ላይ ቆመ። ቀስ ብየ «አባየ፣ ‹አቅመ ደካማ› ብለውስ?» አልሁት።

«ደሃ ነኝ ነው ያልሁህ። ጻፍኸው?»

«ጻፍሁት።»

«አንብበው።»

በለሆሳስ አነበብሁ። ምርኩዙን መሬቱ ላይ መታ። «ጮክ በል። ምስክር ካስፈለገ እነዚያም ይስሙ» አለ፤ በአገጩ ወደ ክፍተቱ እያሳየ። እንደገና ጮክ ብየ አነበብሁ። አራት ዓረፍተ ነገር ነበር። አንዱም ቤት አይመታም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ያለ ነገር በእጄ አልጻፍሁም፤ የእኔም አልነበረም።

መሪጌታ ተነሡ። «እሱ ካለው እኛም ብለናል» አሉና ፈረሙ። ጀልባ ሠሪው ፈረመ። ጠላ ሻጯ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች፤ ሌላ እጇ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ይዞ ነበር። ጸሐፊው ለአባቴ የሚፈርምበትን ቦታ አሳየው ብሎ በዓይኑ ነገረኝ፤ ጣቱን ይዤ መሥመሩ ላይ አኖርሁት፤ ፈረመ። ጸሐፊው ማኅተሙን እፍ ብሎ አሞቀና መታው። «ነገውኑ ውሰዳቸው» አለኝ፤ ወረቀቱን ለእኔ ሲሰጠኝ ‹ገጣሚው› አላለኝም።

እኔ ተደግፎ እንዲነሣ ትከሻየን አስጠጋሁለት። አባቴ ግን ምርኩዙን ይዞ ብቻውን ተነሣ። ጸሐፊውን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለው፤ ለሦስቱ ጓደኞቹ አንገቱን ዝቅ አደረገላቸው። በግራ እጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ በሩ ሄደ። ሰልፈኛው ወደ ኋላ ተበትኖ መንገድ ለቀቀለት። ደፉን ተሻገረ። ከዚያ ዞሮ እጀታውን ያዘ፤ ትከሻውን አስገብቶ በሩን ከሲሚንቶው ቀና አደረገው፣ ወደ ራሱም ሳበው። በሩም ገጥሞ ተዘጋ።